ጨነቅ በአንድ ከሰዓት ይደረሳል፤ ቧሂት ግን በነጋታው አይወጣም

የቀረበልን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ጎንደር ነው፤ ስድስት ነን። ጥር 12 ቀን ሚካኤል ከገባ በኋላ ከሰዓት በመኪና ተነስተን ስሜን ተራሮች ፓርክ ጨነቅ ካምፕ ማደር፣ በነጋታው ቧሂት ተራራን መውጣት፣ ጥር 14 መመለስ አስበናል። ዋናው ፍላጎታችን ዋልያን በቅርብ ማየት ነው። አባታችን 62 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግን ጠንካራ ናቸው፣ ስሜንን ማየት የቆየ ምኞታቸው ነው። ውሻችንን የሚጠብቅልን ስለሌለ ይዘነው ብንሄድስ? ምን ምን እንያዝ?»

ከዕቅድዎ ውስጥ አባትዎን ይዘው መሄድዎ ብቻ እንዳለ ይቆይ። ሌላው መለወጥ አለበት፤ ውሻውም ይቀራል። ምክንያቱን በየተራ ላስረዳ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ነው። በእርስዎ ዕቅድ በአንድ ከሰዓት 1,500 ሜትር ወጥታችሁ እዚያው ትተኛላችሁ፤ ሰውነታችሁ አየሩን ሳይለምድ በማግስቱ 4,430 ሜትር ላይ፣ ቧሂት ጫፍ ልትቆሙ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ስድስት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። «እኛ ደገኞች ነን፣ ምን እንሆናለን» የሚል ብዙ ነው። ጎንደር መኖር ከመተማ ከመጣ ሰው ይልቅ እንደሚረዳ እውነት ነው፤ ነገር ግን የ2,100 ሜትር ልማድ ለ3,600 አይበቃም። ጉልበትና ወጣትነትም ከዚህ ሕመም አያድኑም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታመመው ብርቱው ነው፤ ፈጥኖ ስለሚወጣ።

የሚታወቀው ደንብ ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጡ በኋላ የምታድሩበት ቦታ ከትናንትናው ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቀን ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ የሚቆጠረው የመኝታው ከፍታ ነው። የስሜን መንገድ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ደባርቅ 2,850፣ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ናቸው። ከሳንካበር ጀምሮ በዚሁ ቅደም ተከተል ካደራችሁ ሰውነታችሁ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይለምዳል፤ ቧሂትን የምትወጡት በአራተኛው ቀን ይሆናል።

ስለዚህ ከሦስት ቀን ወደ አራት ቀን ያሳድጉት። መነሻውንም ወደ ጥር 13 ያዛውሩት። በጥምቀት ከተራውን ጨምሮ ሁለት ሌሊት በፋሲል መዋኛ ዙሪያና በየማኅበሩ ያላንቀላፋ ሰው ጥር 12 ከሰዓት ወደ ተራራ ሲወጣ ድካሙና የከፍታ ሕመሙ ይደበላለቅበታል፤ ራስ ምታቱ ከየት እንደመጣ እንኳ መለየት ይቸግረዋል። ጠላውና አረቄውም እንዲሁ። ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊትና በተራራው የመጀመሪያ ሁለት ሌሊቶች አልኮል አይቅመሱ፣ የእንቅልፍ ክኒንም አይውሰዱ፤ ሁለቱም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን ያዘገያሉ።

ጥር 13 በጠዋት፣ 12 ሰዓት ላይ ከጎንደር ተነሡ። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን የመንገዱን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከመናኸሪያው ሾፌሮች ጠይቁ፤ ሁለቱም «ሰላም ነው» ካላሉ ቀኑን ለውጡ። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ የመግቢያውን ትከፍላላችሁ፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል፣ አስጎብኚና ባለ በቅሎም እዚያው ትቀጥራላችሁ። ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ አስቡ። ከዚያ በጠጠሩ መንገድ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፤ ከቡይት ራስ ገደሉን አፋፍ አፋፉን በእግር ወደ ሳንካበር። ሦስት ሰዓት የሚያህል የእግር መንገድ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። መጀመሪያ የምታዩት ጭላዳ ዝንጀሮ እዚያው ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሳንካበር ወደ ግጭ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ጅንባር ፏፏቴ የሚታይበት አፋፍ በመንገዳችሁ ላይ ነው፤ ጥር ላይ ውሃው ቀጥኖ ታገኙታላችሁ፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ የሚታየውን አይጠብቁ። ገደሉ ግን ያው ነው። ከዚያ ወደ ጅንባር ወንዝ ወርዶ ወደ ግጭ የሚወጣው ዳገት የዕለቱ ፈተና ነው፤ መነጋገር እስኪያቅታችሁ ድረስ አትፍጠኑ። እየተጓዙ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል። የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርገዋል፤ ዛሬ ጓሳውና ጅብራው የሚታይበት ሜዳ የእነርሱ መንደርና ግጦሽ የነበረ ነው፤ ከመካከላቸው ዛሬ በቅሎ በመጫንና በማስጎብኘት የሚተዳደሩ ስላሉ ስትቀጥሩ ይህን አስቡበት።

ሦስተኛው ቀን ረጅሙ ነው። ከግጭ ማለዳ ወጥታችሁ እመት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር፤ ከዚያ በእናትዬ፣ 4,070 ሜትር፣ አድርጋችሁ ወደ ጨነቅ ትወርዳላችሁ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መድቡለት። እመት ጎጎ ላይ ሦስቱ አቅጣጫ ገደል ነው፤ ነፋሱ ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚበረታ ከጫፉ ሁለት ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ፤ ፎቶ ለመነሣት ወደ ኋላ መሄድ የሚባል ነገር እዚያ የለም። አራተኛው ቀን የቧሂትና የመመለሻ ቀን ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ መቆራረጥ ከታየ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ተነሡ፤ «ፀሐይ መታኝ» አትበሉ። በዚያ ቀን ከፍ ብሎ ማደር የለም። ውሃ፣ ዕረፍት፣ ፓራሲታሞል፤ በ24 ሰዓት ካልተሻለ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ። ሌላው ግን ቀጠሮ አይሰጥም፦ ሰውየው በቀጥታ መስመር ላይ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገናኘ ሲራመድ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዛባ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረውና ደረቱ ካፏጨ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ይወርዳል። እስኪነጋ መጠበቅ ሰው ይገድላል። ከጨነቅ በመኪና ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከግጭ ግን በበቅሎ ወይም በሸክም ወደ መኪናው መንገድ መውረድ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው አንድ ባለ ኮርቻ በቅሎ ባዶዋን አብራችሁ እንድትሄድ የምመክረው። መከላከያው አሴታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ነው፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ የሚጀመር ነው። ከላይ ባልኩት አካሄድ የሚሄድ ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰደው። ጣት መቆጥቆጥና ሽንት ማብዛቱ ያለ ነው፤ አያስደንግጣችሁ።

አባትዎን በሚመለከት። ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ግፊትን ይጨምራል። ግፊታቸው በመድኃኒት ተስተካክሎ የቆየ ከሆነ፣ ደረታቸውን የማያማቸው ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ሁለት ሰዓት ዳገት ያለ ችግር የሚሄዱ ከሆነ፣ ሐኪማቸው ፈቅዶ መሄድ ይችላሉ። ያልተስተካከለ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለ ግን ዘንድሮ ይቅር። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪማቸውን ያግኙ፤ «3,600 ሜትር ላይ ያድራሉ» ብለው ቁጥሩን ይንገሩት፤ «ስሜን ልንሄድ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። የሚወስዱት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከሆነ ይህንኑ ለይተው ያንሱ፤ አሴታዞላማይድ ሲጨመርበት ሰውነት ውሃና ፖታሲየም ሊያጣ ይችላል። መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡ፤ የቀናቱን እጥፍ ይያዙ፣ ግማሹም በሌላ ሰው ቦርሳ ይሁን። የግፊት መለኪያ ይያዙ፤ ጠዋትና ማታ ቁጭ ብለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ በምን ቁጥር ወደ ታች መመለስ እንዳለባቸው ሐኪሙ አስቀድሞ ይንገራችሁ።

የእርሳቸው መንገድ ከእናንተ ይለይ። መኪናው ከእርሳቸው ጋር ይሁን፤ ከእናንተም አንድ ሰው አብሯቸው ይቆይ። ሁለት ቡድን ስለምትሆኑ ሁለት ስካውት ያስፈልጋችኋል፤ ይህንን ደባርቅ ስትመዘገቡ ተናገሩ፣ በኋላ አይገኝም። በመጀመሪያው ቀን ሁላችሁም ሳንካበር ታድራላችሁ። በሁለተኛው ቀን እናንተ ወደ ግጭ ስትሄዱ አባትዎ ሳንካበር ይዋሉ፤ ወደ ጅንባር አፋፍ ከመኪናው መንገድ አጭር የእግር መንገድ ብቻ ስለሆነ ፏፏቴውን ያያሉ፤ ከሰዓት በጭላዳው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እዚያው ያድራሉ። ሁለት ሌሊት 3,250 ላይ ካደሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ረፋድ በመኪና ወደ ጨነቅ ቢመጡ ጭማሪው 370 ሜትር ነው። እናንተ ከእናትዬ ስትወርዱ ቡና ተፈልቶ ያገኛችኋል። ደህና ካልሆኑ መኪናው እዚያው ስላለ በዚያው ምሽት ወደ ሳንካበር መመለስ ነው፤ አይከራከሩ። በአራተኛው ቀን የመኪናው መንገድ ወደ ጃናሞራ ሲሻገር በቧሂት መተላለፊያ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚያልፍ፣ ራስ ምታት ከሌላቸውና መለኪያው ደህና ካለ ግማሽ ሰዓት ቆመው አይተው ሊመለሱ ይችላሉ። ምኞታቸውን በእግራቸው ባይወጡትም በዐይናቸው ያዩታል፤ ዋልያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጨነቅ ካምፕ ብዙ ሳይርቅ ነው።

ውሻው። መከተብ አለመከተቡን አልጠይቅዎትም፤ በየትኛውም መልክ አይሄድም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም። በመላ አገሪቱ ለአቅመ መዋለድ የደረሱት ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ በስሜን ያሉት ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። የሚያጠቋቸው ዋነኞቹ በሽታዎች የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ሲሆኑ ሁለቱም ከቤት ውሻ የሚመጡ ናቸው፤ በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በተነሣ ቁጥር ቀበሮዎቹ በብዛት አልቀዋል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ስለሚኖሩ፣ እየተላላሱ ሰላምታ ስለሚሰጣጡ፣ አንዷ ይዛ የመጣችው ለሁሉም ይደርሳል። የተከተበ ውሻ ከእብደት ይጠበቃል እንጂ ሌላ በሽታና ጥገኛ ተውሳክ ከመሸከም አይጠበቅም። ከዚያም ሌላ የውሻ ሽታና ጩኸት ዋልያን ከግጦሹ ያባርራል። ዘመድ ጋር ይተዉት፤ ጠባቂ ካጡ የጎረቤት ልጅ ከፍለው ይቅጠሩ። እግረ መንገድዎን ያስከትቡት፤ የጎንደርና የደባርቅ ውሾች መከተባቸው ለቀበሮውም ለሰውም ነው።

ዋልያ። «በቅርብ ማየት» ብለዋል፤ ይህን ቃል እንለውጠው። ዋልያን በደንብ የሚያየው የተጠጋው ሰው አይደለም፤ አስቀድሞ ደርሶ የተቀመጠው ነው። በዓለም ላይ ያለው በዚሁ በስሜን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፓርኩ በሕግ የተከለለው፣ በ1978ም በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው በአመዛኙ እንዲህ ባሉ እንስሳት ምክንያት ነው። ከ1996 እስከ 2017 ድረስም «አደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተብሎ ቆይቷል። ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ግን ዋልያው ተረፈ ማለት አይደለም፤ በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ እንደገና አሽቆልቁሏል። ስለዚህ አንድ መንጋ ከግጦሹ በማባረር የምናደርሰው ጉዳት ትንሽ አይደለም።

ሰዓቱን እንያዝ። ጥር ላይ ዋልያው ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድሮ ፀሐይ ሲነካው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ እስከ 3 ሰዓት፣ ሊሞቅና ሊግጥ ወደ ሣሩ ይወጣል። ቀትር ላይ በጥላ፣ በዐለት ሥር ይተኛል፤ በዚያ ሰዓት ብትዞሩ ድንጋይ ብቻ ታያላችሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ቧሂት የምትወጡበት ቀን ከጨነቅ 12 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ጠዋቱን በዋልያው አካባቢ በመቀመጥ አሳልፉ፤ ጫፍ ላይ ረፋድ መድረስ በቂ ነው። ከተራራው ጫፍና ከዋልያው አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ዋልያውን ምረጡ፤ ቧሂት የትም አይሄድም።

ቦታ ስትይዙ ጀርባችሁ ሰማይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ከአንድ ኪሎ ሜትር ይታያል። ከዐለት ወይም ከአስታ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጡ፤ ቢያንስ 40 ደቂቃ አትነሡ። ሸራ የመሰለ፣ የሚንኮሻኮሽ ጃኬት አውልቁ፤ የስልክ ድምፅ ይጥፋ። አቅርቦ ማሳያ መነጽር 8 በ42 የሚባለው ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠ የሚያጎላው በእጅ ሲይዙት ይንቀጠቀጣል። ገደሉን ዝም ብሎ መቃኘት ዐይን ያደክማል፤ እንደ ማሳ በትልም በትልም ከፍላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ከቀኝ ወደ ግራ እዩ። መጀመሪያ የሚታያችሁ ሙሉ እንስሳ አይሆንም፤ ወደ ኋላ የታጠፈ የቀንድ መስመር ወይም የእግር ነጭና ጥቁር ነው። ወንዱ ጢማም፣ ደረቱ ጠቆር ያለ፣ ቀንዱ እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ የሚችል ነው፤ የሴቷ ቀንድ አጭርና ቀጭን ነው። በገደሉ ላይ ብቻውን ወይም ጥንድ ሆኖ በሰኮናው ጫፍ የቆመ ትንሽ እንስሳ ካያችሁ ግን ሰስ ነው፤ ብዙ ሰው ሰስን አይቶ «የዋልያ ግልገል» ብሎ ይመለሳል። ግልገሎቹ በብዛት የሚወለዱት በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ስለሆነ ጥር ላይ እናቶቻቸውን የሚከተሉ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ በእናትና በግልገል መካከል አትግቡ።

መቼ እንደበዛ የሚነግራችሁ ራሱ ዋልያው ነው። አንዱ ራሱን ቢያነሣ ምንም አይደለም። ሁለት ሦስቱ መጋጥ አቁመው ወደ እናንተ ካዩ ባላችሁበት ቁሙ፤ መልሰው ካልጋጡ ወደ ኋላ ተመለሱ። ማሽካካት ወይም ፉጨት የመሰለ ድምፅ ካሰሙ ዘግይታችኋል። ከ50 ሜትር ወዲህ በራሳችሁ እግር አትቅረቡ፤ እነርሱ ግን በራሳቸው ወደ እናንተ ከመጡ፣ በጨነቅ አካባቢ ሰው የለመዱት ይመጣሉ፣ ሳትንቀሳቀሱ ቆዩ። በዚህ መንገድ ነው ቅርበቱ የሚገኘው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይፈቀድም፤ በፈቃድም ቢሆን በገደል ላይ እንስሳን ወደ ገደል ስለሚነዳ ይቅር።

ጭላዳው ይቀላል፤ ለምዷል። ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ርቃችሁ ቁጭ ካላችሁ መንጋው ራሱ በዙሪያችሁ እየነጨ ያልፋል። ሙዝና ዳቦ አትወርውሩ፤ ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው፤ የሰው ምግብ የቀመሰ ጭላዳ ድንኳን መበርበር፣ ከዚያም ወርዶ የገበሬ ገብስ ማጥፋት ይለምዳል፣ ዕዳው የገበሬው ነው። በመንጋውና በገደሉ መካከል አትቁሙ። ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ስለሆነ መንገዱን ስትዘጉበት ይተናኮላችኋል። ትልቁ ወንድ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የዐይኑን ቆብ ካሳየ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካወጣ፣ ዐይኑን ሳታዩ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ሂዱ።

ዕቃውን በጭነት አስሉት። አባትዎና አብሯቸው የሚቆየው ሰው ዕቃቸውን በመኪና ስለሚይዙ፣ ለአራት ተጓዦች ምግብ ለአንድ ሰው በቀን 800 ግራም ደረቅ፣ የመኝታ ዕቃ 2 ኪሎ፣ የግል ልብስ 6 ኪሎ፣ ከዚያ ድንኳኖች 9 ኪሎ፣ ምድጃና ዕቃ ከነጋዙ 15 ኪሎ ይሁን ብትሉ ከ70 ኪሎ ብዙም አይርቅም። አንዲት በቅሎ በዚያ ዳገት 40 ኪሎ ትጫን፤ ሁለት የጭነት፣ አንዲት የኮርቻ በቅሎ ይበቃል። ከ40 በላይ ጭነው «ትችላለች» የሚሉ አሉ፤ ወገቧ ሲላጥ በሦስተኛው ቀን ቆማ የምትቀረው ያቺ ናት፤ ዕቃውን ጎንደር ላይ በሚዛን መዝናችሁ አምጡ።

ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጨነቅና ግጭ ላይ ጠዋት ውሃ በረዶ ሠርቶ ታገኛላችሁ። ቢያንስ እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚያሞቅ የመኝታ ከረጢት፣ ከሥሩም ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ ቅዝቃዜው የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው። ጋቢ በድንኳን ውስጥ ወደር የለውም፤ ሲሄዱበት ግን ላብ ይዞ ስለሚከብድ በቦርሳ ይቀመጥ። ሲጓዙ ከሥር ጥጥ አትልበሱ፤ ላብ ይዞ ነፋሱ ሲመታው ይበርዳችኋል። ጫማ አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጎንደር ላይ የተሄደበት ይሁን፤ የእግር ጥፍራችሁን ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጥቁር የሚያደርገው ረጅም ጥፍር ነው። ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ለከንፈር ቅባት፤ በዚያ ከፍታ ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል፣ ቃጠሎው ግን አይቀርም።

ምግቡ በቤታችን ያለው ነው፤ ከሱፐር ማርኬት ፓኬት አትፈልጉ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፤ ለማይጾምበት ቀን ቋንጣ። በሶ ውሃ ብቻ ስለሚፈልግ ምድጃ ቢበላሽ እንኳ ያድናል። ረቡዕና ዓርብ የት እንደምትሆኑ ቆጥራችሁ የጾሙን ለይታችሁ ያዙ። ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ባቄላና ምስር ጎንደር ላይ ከሚፈጀው በጣም ይረዝማል፣ ጋዙንም ይጨርሳል። ሽሮ፣ ድንችና ፓስታ ይሻላል። ከፍታ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ በትንሽ በትንሹ፣ በየሰዓቱ ተኩል ቅመሱ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ለመጠጥ 3 ሊትር፣ ለምግብ ጭምር 5 ሊትር። የካምፖቹ ምንጮች በጥር ይቀንሳሉ፤ ከብት የሚጠጣበትም አለ። መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ አጥሉት፤ ከዚያ ወይ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ አድርጉ፣ ወይ ውሃ አጋርን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ ከ30 ደቂቃ በላይ ጠብቁ። ውሃው እንደ በረዶ ከቀዘቀዘ መድኃኒቱ ስለሚዘገይ ጊዜውን እጥፍ አድርጉት።

ማገዶ አትልቀሙ፣ ከመንደር ልጅም አትግዙ። አስታና አምጃ በዚያ ብርድ የሚያድጉት በጣም ቀስ ብለው ነው፤ አንድ ምሽት የምታነዱት የዓመታት ዕድገት ነው። ጓሳው በጥር ደርቆ እንደ ጭድ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ሳይጠፋ ቆይቶ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስኪላክ አድርሷል። ስለዚህ ቡታ ጋዝ ይዛችሁ በባዶ አፈር ላይ፣ ዙሪያውን ሁለት ሜትር ያህል ሣር በሌለበት አብስሉ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቁራጩን በቆርቆሮ ይያዝ። መጸዳጃ ካምፕ ላይ ካልተገኘ ከውሃ 60 ሜትር ርቃችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፤ ወረቀቱ ተይዞ ይመለሳል። የምግብ ፍርፋሪ በድንኳን ዙሪያ አትተዉ፤ ቁራው ሌባ ነው፣ ከረጢት ይቀድዳል።

ቧሂት ላይ ከጨነቅ ደርሶ ለመመለስ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት መድቡ። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ወደ ጫፍ አትቀጥሉ፤ ከየትም ብትደርሱ ተመለሱ። ከጨነቅ በ8 ሰዓት በመኪና ብትነሡ ደባርቅ በ11 ሰዓት ግድም ትገባላችሁ፤ ከዚያ በጨለማ ወደ ጎንደር ከመንዳት ደባርቅ ማደር ይሻላል። ባለ በቅሎው ከጨነቅ ወደ ደባርቅ ባዶ በቅሎዎቹን እየነዳ በእግሩ የሚመለስበትን ቀን ክፍያ ከመነሻው ጨምራችሁ ተነጋገሩ። ያ ቀን የእርሱ ሥራ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁልጊዜ ከዚያ ቀን ነው።